«ሲስተር፣ ልጄን ምን እየወጋሽው ነው?» ስለ ልጆች ክትባት የሚባለውና እውነታው

ስለ ክትባት ጎረቤት ያወራል፣ አማት ትናገራለች፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ የማይባል የለም። የጤና ባለሙያው ወረፋ ስለሚበዛበት ሁለት ቃል ተናግሮ ካርዱን ይመልሳል። የቀረውን ወሬ ይሞላዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ልጁን ያላስከተበ ወላጅ ሐኪም የማያምን ነው»

ይሄኛው ስህተት የወላጆች አይደለም። የባለሙያዎችና የእኛ የጸሐፊዎች ነው፤ ለዚህም አስቀድሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት ከ100 ውስጥ 43 ያህሉ ናቸው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ሕዝቡ ክትባት አይፈልግም» ሊል ይችላል። ግን አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ፔንታቫለንት እንይ። የመጀመሪያውን ዙር የወሰዱት ከ100 ውስጥ 76 ነበሩ። በሦስተኛው ዙር ወደ 61 ወረዱ።

መርፌውን የጠላ ወላጅ መጀመሪያውኑ አይመጣም። እነዚህ እናቶች ግን ልጃቸውን አዝለው መጥተው ነበር። ታዲያ ምን ሆነው ቀሩ? መንገዱ ይርቃል፣ ሥራ ይበዛል፣ ቀጠሮውን በግልጽ የነገራቸው የለም። አንዳንዷ ካርድ ጠፋብሽ፣ ቀን አሳለፍሽ ተብላ ሰው ፊት ተቆጥተዋታል። እሷ እንግዲህ ለምን ትመለስ?

ሌላም ሰው የማያውቀው ምክንያት አለ። የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ባለሙያው ለአንድ ልጅ ብሎ መክፈት ይሳሳና «ሌላ ቀን ነይ» ይላል። እሱ ክትባት እንዳይባክን አስቦ ነው። እናትየው ግን ምክንያቱን ካልነገሯት የሚገባት ሌላ ነው፤ «ያን ያህል አስፈላጊ ቢሆንማ አይመልሱኝም ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው።

«ደህና የነበረውን ልጅ ክትባቱ አሳመመው»

አንድ ሁለት ቀን ማተኮስ፣ የተወጋበት ቦታ ማበጥ፣ መነጫነጭ፤ እነዚህ የሚጠበቁ ናቸው። ሰውነቱ በሽታውን መዋጋት ሲለማመድ የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው። ቢሲጂ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል ያወጣል። ቅጠልም ቅቤም አይፈልግም፤ ራሱ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ባይተውም ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ አይደገምም።

ችግሩ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። «ዛሬ ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፣ አትደንግጪ» የተባለች እናት ልጇ ሲያተኩሰው የባለሙያዋ ቃል እውነት ሆኖ ታገኘዋለች። ምንም ያልተባለችው ግን የተደበቀባት ነገር ያለ ይመስላታል። መርፌው አንድ፣ ትኩሳቱም አንድ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ የሚወስነው ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ከባድ የአለርጂ ችግር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ከሚሊዮን መርፌ በአንዱ አካባቢ የሚደርስ ነው። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ ወይም ለሰዓታት ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው።

«ሦስት መርፌ በአንድ ቀን ለጨቅላ ይበዛል»

በ14ኛው ሳምንት እንደዚያ ነው፤ ሦስት መርፌና የሚጨመር ጠብታ። ለሚያይ እናት ያሳሳል። የሕፃኑ ሰውነት ግን በየቀኑ ከሚነካውና ከሚተነፍሰው ከዚህ የበዛ ጀርም ጋር ይታገላል። ሕመሙን ለመቀነስ ጡት እያጠቡ ማስወጋት ይረዳል።

«ጉንፋን ይዞታል፣ ሲሻለው ይከተባል»

ቀላል ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ክትባት አያስቀርም። ይዛችሁት ሂዱ፤ ባለሙያው አይቶ ይወስን።

«መሐን ያደርጋል»

ይህ ወሬ አገር ለአገር ይዞራል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ላይ ተነስቷል። ክትባቱ መካንነት አያመጣም፤ ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ነው የሚከላከለው።

ወሬው ምን እንደሚያደርስ የናይጄሪያዋ ካኖ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የፖሊዮ ክትባት መሐን ያደርጋል ተብሎ በግዛቷ ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ ብዙ አገር አዳረሰ፤ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያም ገባ። ካኖ ክትባቱን መልሳ የጀመረችው የሃይማኖትና የአገር ሽማግሌዎች ገብተውበት፣ ክትባቱም ሙስሊሞች ከሚበዙባት ከኢንዶኔዥያ መጥቶ ነው። ልብ በሉ፣ በጠብታው ውስጥ ያለው ነገር አልተቀየረም። የተቀየረው ማን አመጣው የሚለው ነው። የሚገርመው፣ ያው ከናይጄሪያ የተነሳው ቫይረስ በ2005 ኢንዶኔዥያ ራሷ ደረሰ።

«ኦቲዝም ያመጣል»

ይሄኛው አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ይበረታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ የወጣ፣ ኩፍኝን የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያገናኘ፣ 12 ልጆችን ብቻ ያየ ጽሑፍ ነው። በ2010 መጽሔቱ ሰረዘው፤ የጻፈው ሐኪምም ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆች ታይተው ግንኙነት አልተገኘም። ወሬው ግን ጽሑፉ ከተሰረዘ በኋላም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ በ2017 ኩፍኝ ሲገባ ከታመሙት አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ትውልድ ልጆች ነበሩ።

የኦቲዝም ምልክት በግልጽ መታየት የሚጀምረው የኩፍኝ ክትባት በሚሰጥበት ዕድሜ አካባቢ ነው። ሁለቱን ያገናኘ ወላጅ ሞኝ አይደለም፤ መልስ የፈለገ ሰው ነው። አፌዝበታለሁ የሚል ባለሙያ ወደ ቲክቶክ ይገፋዋል።

«ባለሙያን መጠየቅ መዳፈር ነው»

አይደለም። ዛሬ የሚሰጠው ለምን በሽታ ነው? ምን ሊያጋጥመው ይችላል? መቼ ልመለስ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቃችሁ መልሳቸውን ሳትሰሙ አትውጡ። ቀጠሮ አልፏችሁም ቢሆን ሂዱ፤ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም። ካርዱ ከጠፋ መዝገብ ላይ ይፈለጋል። መዝገቡም ላይ ካልተገኘ ደግሞ መከተቡ ይሻላል፤ አንድ ዙር ቢደገም ልጁን አይጎዳውም።