ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የሂሚኮን ግን ጸሐፊ ነው ያወጣው

ሰሞኑን ቡና ላይ ስለ ጥንቷ የጃፓን ንግሥት ስለ ሂሚኮ ወሬ ተነሳ። አንዱ ወዳጄ «ስሟ የተጻፈው በቻይና ፊደል ነው፣ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ትርጉም አለው፤ የስሟ የመጀመሪያው ፊደል ወራዳ ማለት ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል!» አለ። አላስቻለኝም።

አባባሉ የቤት ነው። እኛ ሰፈር እናት ልጇን በዘፈቀደ አትሰይምም። ዝናብ ይዞ ከመጣ ዘነበ፣ የሞተ ልጅ ተክቶ ከተወለደ ምትኩ ወይም ካሳ ይባላል። ታናሽ እህቴ የተወለደችው በሚካኤል ቀን ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ወለተ ሚካኤል ሲሏት አያቴ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ትዝ ይለኛል። እንደኔ እንደኔ የአባባሉ «መልአክ» ይኸው ነው፤ ልጁ የተወለደበት ቀን መልአክ።

የሂሚኮን ስም ያቆየልን ግን ባዕድ ነው። ቼን ሾው የሚባል ቻይናዊ በ3ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ባዘጋጀው ታሪክ ውስጥ ነው የምናገኛት። የቻይና ጸሐፊዎች የጎረቤትን ስም በድምፁ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚያዋርድ ፊደል ይመርጡ ነበር። የሷን ስም «ዝቅተኛ» በሚል ፊደል ጀመሩት፤ የአገሯን የያማታይን ደግሞ «ጠማማ» በሚል። ታዲያ ይሄ የመልአክ ሥራ ነው?

ድምፁን ስሙት። «ሂ» ፀሐይ ነው፣ «ሚኮ» አማልክትን የምታገለግል ሴት። ልዕልት ከሚለው «ሂሜ» የሚያመጡትም አሉ፤ እኔ ግን ከፀሐይዋ ጋር ነኝ። በጥንቱ ጃፓንኛ የፀሐይ «ሂ» እና የእሳት «ሂ» ድምፃቸው ይለያይ ነበር፣ የስሟ ፊደልም የሚሄደው ከፀሐይዋ ጋር ነው። ኑሮዋንም እዩት፦ አላገባችም፣ ከነገሠች በኋላ ያያት ሰው ጥቂት ነው፣ 1,000 ሴቶች ያገለግሏታል፣ ምግብ የሚያቀርብላትና ቃሏን የሚያደርስላት አንድ ወንድ ብቻ ነው፣ አገሩን በማስተዳደር የሚያግዛት ታናሽ ወንድሟ ነው። የቻይናው ንጉሥ የወርቅ ማኅተምና 100 የነሐስ መስታወት ላከላት። መስታወት በጃፓን እስከ ዛሬ የፀሐይ አምላካቸው የአማቴራሱ ምልክት ነው! ይሄ ለኔ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

እንዲያውም «ሂሚኮ» የማዕረግ ስም ሳይሆን አይቀርም። እኛም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ህንደኬ» የምንላት የንግሥቶች ማዕረግ ናት እንጂ የአንዲት ሴት ስም አይደለችም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ያን አባባል ከመጥቀስህ በፊት ስሙን ማን እንዳወጣው ጠይቅ። እናቷ ምን ብላ እንደጠራቻት የጻፈልን የለም፤ አንተ የጠቀስከው የባዕድ ጸሐፊ ብዕር ነው።