«ባህላችን ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ እኩልነት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሴቶች መብት ጉዳይ ሲነሳ፣ ቡና ላይም ሆነ ታክሲ ውስጥ፣ የሚሰሙት መልሶች ብዙም አይለያዩም። «ባህላችን ነው።» «የፈረንጅ ሃሳብ ነው።» «ሕጉ ወጥቷል አይደል እንዴ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?» አብዛኛው ሰው ይህን የሚለው በክፋት አይደለም። ከአባቱና ከአያቱ የሰማውን ነው የሚደግመው። የሚደገም ነገር ግን ቆይቶ እውነት ይመስላል። የተደፈረች ልጅ ቤት ሽማግሌ የሚላከውም፣ የ13 ዓመት ልጅ የምትዳረውም በእነዚህ አባባሎች ሽፋን ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንድ በአንድ እንያቸው።

«እኩልነት ከውጭ የመጣ ሃሳብ ነው»

ጉራጌ አገር የቃቄ ወርድወት የምትባል ሴት ነበረች። ሙህር የሚባለው የጉራጌ አካባቢ ልጅ ናት፤ የኖረችውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በጊዜው ልማድ ባል በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት መጨመር ይችላል። ሚስት ግን ባሏ በፈቃዱ ካልለቀቃት በቀር ትታው ሌላ ማግባት አትችልም። አንቂት የሚባለው እርግማን ያስራታል፤ እርግማኑን ደፍሮ የሚጥስ ደግሞ አልነበረም። ወርድወት ይህን አልቀበልም አለች። ሴቶችን አስከትላ የጉራጌ አባቶች የሚዳኙበት የጆካ ሸንጎ ፊት ቀረበች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ ወንድ በሚስቱ ላይ ሌላ አያግባ፤ ሴትም ስትፈልግ ትፍታ፣ የምትፈልገውንም ታግባ። ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደርስ መድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በፈረንጆች 1981 ነው። ወርድወት ሸንጎ ፊት ስትቆም ስምምነቱ ቀርቶ የተባበሩት መንግሥታት የሚባል ነገርም አልነበረም። ታዲያ ሃሳቡን ከማን ቀዳችው?

ኦሮሞ ዘንድም ሲንቄ አለ። ሴት ልጅ ስታገባ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሚስቱን የደበደበ፣ በተለይ አራስ የመታ ሰው ካለ፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ። ጥፋተኛው ተዳኝቶ ካሳ ሳይከፍል ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህ ከገዳ ሥርዓት ጋር አብሮ የኖረ የአገር ሕግ ነው። «ባህል ይከበር» የሚል ሰው ይህንንም ባህል አብሮ ቢያነሳ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሴቶች ብቻም አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይገለል ነበር። ለሚያርሰው ማረሻ የሚሠሩለት፣ የሚዋጋውን የሚያስታጥቁት እነሱ ነበሩ፤ ግን ከሌላው ጋር አብሮ መብላትና መጋባት አይፈቀድላቸውም። ንቀቱ አዋጁ በወጣ ማግስት አልጠፋም፤ በአንዳንድ አካባቢ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው «ይህ ልማድ ትክክል አይደለም» ማለታቸው ልማድን መጠየቅ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይነግረናል።

«ባህል አይነካም፤ የነካ ሰው ሕዝብ ይነሳበታል»

ይህን ለሚል ሰው የከምባታን ታሪክ እነግረዋለሁ። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ እዚያው ከምባታ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተገርዘው፣ ውሃ ለመቅዳት ሲላኩ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ ሴት ነበሩ። ኋላ ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ተምረዋል። በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ አገራቸው ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ለሴቶች መብት የሚሠራውን ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

የጀመሩት ስለ ግርዛት በመስበክ አልነበረም። የአካባቢው ሰው መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ ለመሻገር ተቸግረው ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሰው ጆሮውን ሰጣቸው። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ወጣት በአንድ ላይ ተቀምጦ በየጊዜው የሚወያይበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ማንም ማንንም አልተሳደበም። ሴቶች በወሊድ ምን እንደሚደርስባቸው ተናገሩ። ወንዶች ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

በፈረንጆች 2002 እዚያው ከምባታ አንድ ሠርግ ተደገሰ። ሙሽራዋ «አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ» የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ሙሽራው ደግሞ ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ለጥፏል። እስቲ አስቡት። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም በሚባልበት አገር፣ ሚዜ ባለበት፣ ዘመድ ባለበት፣ በአደባባይ! ይህ ሠርግ ከመቶ ስብሰባ በላይ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ እናቶችን ሴት ልጃቸውን እንዲያስገርዙ ያደርጋቸው የነበረው «ማን ያገባታል?» የሚል ፍርሃት ነበርና።

አገር አቀፍ ቁጥሩም የማይነካ የሚባለው ልማድ እየተነካ መሆኑን ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 74 በመቶው ተገርዘው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 65 በመቶ ወርዷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ደግሞ 47 በመቶ ነው። አሁንም ያማል፤ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ግን እናትና ልጅ የተለያየ ዕጣ መያዝ ጀምረዋል።

«ሕጉ ወጥቷል፣ ምን ቀረ?»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሕጉ ራሱ እንዴት እንደወጣ እንይ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ይለው ነበር። ግን ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ ይቀራል። ስለዚህ ጠላፊ የሚሮጠው ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ የልጅቷ አባት «አንዴ ተነክታለች» ብሎ ይስማማል፣ ወንጀሉ ጋብቻ ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ለወንድ ግን 18 ዓመት ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። አመለጠች። ሲያሳድዳት በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። በግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘላት፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ጉዳዩ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። ሰው «እሷ ምን ማድረግ ነበረባት?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ወ/ሮ መዓዛ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም በትዳር ውስጥ እኩል ሆኑ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 587 ላይ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል አለ። ጠላፊው ልጅቷን ቢያገባት እንኳ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያመልጥ በግልጽ ጻፈ። ለሽማግሌ ይሮጥ የነበረው ሰው የሚተማመንበት በር ተዘጋ።

ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር ሕጉ ዛሬም አስገድዶ መድፈር አይለውም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስላለው ብቻ ነው። ሌላው ሽምግልና ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የቤተሰብና የግል ጉዳይ፣ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ፣ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። መደፈርና ጠለፋ ግን የቤተሰብ ጠብ አይደሉም፤ ወንጀል ናቸው። ወንጀሉን የሚከስሰው መንግሥት ነው። የልጅቷ አባትና የልጁ አባት በግ አርደው ስለታረቁ ክሱ አይሰረዝም። በተግባር ግን ምስክር ይጠፋል፣ ልጅቷም «ቤተሰቤን አላዋርድም» ብላ ቃሏን ትለውጣለች። ሕጉ ወጥቶም መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ሴቶቹ ራሳቸው መች ተናገሩ?»

በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ወጥ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች ወይም አብራው ለመተኛት እምቢ ካለች፣ ባል ሚስቱን መምታት ይገባዋል ወይ? ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ይገባዋል» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ።

ይህን ቁጥር ይዞ «አያችሁ፣ እነሱም ይቀበሉታል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በጣም ያናድዳል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» እየተባለባት ያደገች ልጅ፣ እናቷ ስትመታ ጎረቤት «ቻይው» ሲል እያየች ያደገች ልጅ፣ ምን ብላ እንድትመልስ ይጠበቃል? ደግሞም ቁጥሩ አይቆምም። በ1992 ዓ.ም. «ይገባዋል» ያሉት ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። የሴቶች ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በ16 ዓመት ውስጥ ከ85 ወደ 63 አይወርድም ነበር።

ዝም ያለችው ሁሉ ተስማምታ አይደለም። ወደ ወላጅ ቤት ብትመለስ «ባልሽ ዘንድ ሂጂ» ትባላለች። ፖሊስ ጋ ብትሄድ «ታረቁ» ትባላለች። ቤት ኪራይ የምትከፍልበት ከሌላት ደግሞ ምርጫዋ ጎዳና ነው።

«ሴት ከፍ ካለች ወንድ ይወርዳል»

በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ባል መሬቱ ቀንሶበታል? አልቀነሰም። የቀረበት ነገር ሚስቱ ሳታውቅ ማከራየት ወይም በፍቺ ቀን ባዶ እጇን ማስወጣት ነው። ይህ ከጠፋ የጠፋው መብት ሳይሆን ጉልበት ነው።

«የሚናገሩት ዝና ፈልገው ነው»

ዝና ርካሽ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ይገዛው ነበር። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መንግሥት በፈረንጆች 2001 አግዶት ነበር፤ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ጉዳይ ይዞ፣ ፍትሕ የሚሰጡት አካላት ሥራቸውን አልሠሩም ብሎ በአደባባይ በመናገሩ። እገዳው ቆይቶ ተነሳ። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2009) አዋጅ 621 መጣ። በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ማግኘት የሚችለው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተገደበ። ለተደበደበች ሴት በነጻ ጠበቃ የሚቆም ድርጅት ገንዘቡን ከየት ያምጣ? ብዙ ሥራ ቆመ። አዋጁ የተለወጠው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 10 ዓመታት ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት የቆሙትን ሴቶች ማንም አልቆጠራቸውም።

«እኔ ማን ነኝ? ለመናገር መድረክ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። አብዛኛው በደል የሚያልፈው ሳሎን ውስጥ፣ ዘመድ ፊት ነው፤ የሚቆመውም እዚያው ነው። ሠርግ ስትጠሩና ሙሽራዋ ልጅ ከመሰለቻችሁ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ18 በታች ከሆነች ያ ሠርግ ወንጀል ነው። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ላይ አለ። ጎረቤት ሲደበድብ በር አንኳኩ፤ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብላችሁ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አትጨምሩ።

ሽማግሌ ሆናችሁ ከተጠራችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት አባትየውን አይሁን። ልጅቷን ለብቻዋ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ጠይቋት። ተገድጃለሁ ካለች እርቁን ተዉት፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ ልብሷ ሳይታጠብ ማስረጃ ይያዝላት፣ ከዚያም አብራችኋት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።