ክሪቴሪየም፦ የአማተር ብስክሌተኞች ቅዳሜና እሑድ

ክሪቴሪየም ለመኪና በተዘጋ አጭር የከተማ ዙር ላይ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ይነሳል፣ ያንኑ ዙር ደጋግሞ ይዞራል፣ በመጨረሻው ዙር መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ያሸንፋል። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ዙሩ ከ800 ሜትር እስከ 10 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ይፈቅዳል። አማተሮች የሚወዳደሩበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያለው ነው። የጀማሪዎች ውድድር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ጠንከር ያሉት ምድቦች አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እስቲ በቁጥር እንየው። ዙሩ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አራት መታጠፊያ አለው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ዙር 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። በ45 ደቂቃ 25 ዙር፣ 100 መታጠፊያ። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ ደግሞ የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ ከኮርቻ ብድግ ብሎ መርገጥ አለ። ለዚህ ነው ክሪቴሪየም ከጉልበት ይልቅ የቦታ ውድድር ነው የምለው። ማን የት ሆኖ ታጠፈ የሚለው አብዛኛውን ነገር ይወስናል።

የአማተር ክሪቴሪየም በጣም የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ ነው። 100 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ከማዘጋት ይልቅ መሃል ከተማ ውስጥ አራት መንገድ ለአንድ ቀን ማዘጋት ይቀላል። ተመልካቹም ከቆመበት ሳይነቃነቅ ተወዳዳሪዎቹን በየሁለት ደቂቃው ያያል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚደረገው የሶመርቪል ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ፈርማን ኩግለር፣ ሦስተኛውን ካርል አንደርሰን አሸነፉ። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ፤ ውድድሩም መታሰቢያቸው ሆነ። ጆርጂያ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ የሚታወቀው አቴንስ ትዋይላይት በምሽት የሚደረግ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ በ2006 የተጀመረው ተልሳ ተፍ ደግሞ ሦስት ቀን፣ በየቀኑም በሌላ ዙር ላይ ይካሄዳል። የእሑዱ ዙር «ክራይ ቤቢ ሂል» የምትባል አጭር ዳገት አለችው። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ የሚጮኸው እዚያ ነው።

በሆላንድና በቤልጅየም ከቱር ደ ፍራንስ ማግስት የሚደረጉት ክሪቴሪየሞች ጠባያቸው ሌላ ነው። ታዋቂዎቹ ለመገኘታቸው ብቻ ይከፈላቸዋል። ማን እንደሚያሸንፍም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተነጋገሩበት ነው። እንደ በዓል ስለሚታይ ማንም ብዙ አይቀየምም። የአማተሩ ግን የምር ነው። ሽልማቱ ትንሽ ቢሆንም ግፊያው ትልቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ የሚጀምረው በጠዋት ነው። ጀማሪዎች ቀድመው ይወጣሉ፣ ከዚያ በችሎታ የተከፈሉት ምድቦች፣ ሴቶች፣ ታዳጊዎች፣ ዕድሜያቸው የገፋ ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ ይከተላሉ። ዋናው ውድድር ማምሻው ላይ ነው። ዕድሜው የፈቀደለት አማተር በምድቡም በዕድሜ ክልሉም ተመዝግቦ በአንድ ቀን ሁለቴ ሊወዳደር ይችላል። ቁጥሩን ተቀብሎ ማሊያው ላይ በስፒል ያያይዛል። የትኛው ጎን ላይ እንደሚለጠፍ አዘጋጆቹ ይናገራሉ። የመጨረሻው መስመር ካሜራና ዳኞቹ የሚያዩት ያንን ጎን ነውና በተቃራኒው የለጠፈ ሰው ሁለተኛ ወጥቶ ውጤቱ ላይ ስሙን ሊያጣው ይችላል። ቁጥሩ ተጨማዶ ወይም ላላ ብሎ ከተያያዘም ነፋስ እየገባበት ሲንጫጫ ይከርማል።

ማሟሟቂያን ብዙ ጀማሪ ይንቀዋል። ውድድሩ ባጠረ ቁጥር ማሟሟቂያው መርዘም አለበት፤ ዙሩ የሚከረው ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ረግጦ፣ አልቦ፣ ከዚያ መነሻው መስመር ላይ ቶሎ ተገኝቶ ፊት መሰለፍ ይሻላል። ኋላ የተሰለፈ ሰው ገና ጫማውን ፔዳሉ ላይ ሳይቆልፍ ፊተኞቹ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ጨርሰዋል። ምግብ መያዝ አያስፈልግም፣ አንድ ኮዳ ውኃ ይበቃል።

መታጠፊያው ላይ ሥራው የሚያልቀው ከመግባት በፊት ነው። ፍሬን የሚያዘው ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ከዚያ ፍሬን ይለቀቃል፣ እጅ ከመሪው ዝቅተኛ ክፍል ላይ ይሆናል፣ በሚታጠፍበት በኩል ያለው ፔዳል ወደ ላይ ይነሳል፣ የውጪው እግር ወደ ታች ተዘርግቶ ክብደት ይሸከማል። የውስጠኛው ፔዳል ታች ከቀረ አስፋልቱን ይነካና የኋላውን ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። ዓይን ደግሞ ከፊት ያለው ሰው ጎማ ላይ አይተከልም፣ ወደ መውጫው ያያል። ከሁሉ በላይ የያዙትን መስመር ጠብቆ መታጠፍ ነው። ውጪ በኩል የገባ ውጪ በኩል ይወጣል። መሃል ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ነው ሌላውን የሚጥለው።

የግሩፑ ጭራ ላይ መሆን ለጀማሪ የሚያርፍበት ቦታ ይመስለዋል። እርግጥ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ከሰው ኋላ መሆን ነፋሱን ስለሚሰብር ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። መታጠፊያው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትራፊክ መብራት ላይ እንደተደረደሩ መኪኖች ነው፤ አረንጓዴ ሲበራ የፊተኛው ወዲያው ይሄዳል፣ ሠላሳኛው ገና ቆሟል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ፍሬን ሳይነኩ ያልፋሉ። ኋላ ያሉት ይጠባበቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ከዚያ ፊተኞቹ ላይ ለመድረስ እስኪያልባቸው ይፈተለካሉ። ይህን 100 ጊዜ አድርገው። ጭራ ላይ ያለው ሰው ከመሪዎቹ በላይ ለፍቶ ከግሩፑ ይቆረጣል። ተቆርጦ በዙር ሊደረብ ሲል ዳኞች ያስወጡታል። ሰው የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ እዚያው ኋላ ወይም መሃል ነው። ከአምስተኛ እስከ አሥራ አምስተኛ ያለው ቦታ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁሉም ይህንን ያውቃል።

መሃል ላይ ደወል ከተደወለ «ፕሪም» አለ ማለት ነው። የሚቀጥለውን ዙር አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ገንዘብ ወይም ዕቃ ይሸለማል። ለፕሪም የተሯሯጡ ሰዎች ሲደክሙ ጠብቆ ተነጥሎ የሚያመልጥ ብልጥ አይጠፋም። ጎማው የፈነዳበት ወይም የወደቀ ሰው ደግሞ በብዙ ቦታ ነጻ ዙር ይሰጠዋል። ወደ ጥገና ቦታው ይሄዳል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ግሩፑ ዞሮ ሲመጣ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ይቀላቀላል። በአሜሪካ ደንብ የመጨረሻዎቹ 8 ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ይህ መብት ያከትማል።

የቀሩት ዙሮች ሰሌዳው ላይ አምስት፣ አራት እያሉ ሲቀንሱ ግፊያው ይጀምራል። ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። የመጨረሻው መታጠፊያ ለመስመሩ ቅርብ ከሆነ ውድድሩ ያለቀው እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው፤ በሦስተኛነት ወይም ከዚያ በፊት ያልወጣ ሰው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የሚደርስበት መንገድ የለውም። ከመታጠፊያው እስከ መስመሩ 400 ሜትር ከሆነ ግን ቀድሞ መፈትለክ የጀመረ መስመሩ ሳይደርስ ይቀልጣል።

ዝናብ ከመጣ የመንገድ ቀለምና የቱቦ ክዳን ሳሙና ይሆናሉ። ልምድ ያላቸው የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስ ያደርጋሉ። የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭኑና ክርኑ ይላላጣል። ክፉ ከሆነ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ይሰበራል። የተላላጠው ቦታ ያኑ ምሽት በውኃና በሳሙና ደህና ተደርጎ መታጠብና መሸፈን አለበት። ያልተሸፈነ ቁስል ሌሊቱን አንሶላ ላይ ይጣበቃል፣ እሑድ ጠዋት ከአንሶላው ጋር መላቀቅ ከውድድሩ ይብሳል። መሬት የመታ ሄልሜትም ዳግም አይደረግም፣ ምንም ስንጥቅ ባይታይበትም።

እሑድ ሌላ ዙር ይጠብቃል። በአንዳንድ ቦታ የሁለቱ ቀን ነጥብ ተደምሮ «ኦምኒየም» የሚባል አጠቃላይ አሸናፊ ይለያል። ቅዳሜ አሸንፎ እሑድ የወደቀ ሰው ሁለቱንም ቀን አራተኛ በወጣ ሰው ሊበለጥ ይችላል።

ነጥቡ ከፍ ወዳለ ምድብ ለማለፍም ይቆጠራል። በእንግሊዝ ለረጅም ዓመታት በተሠራበት ደንብ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ምድብ ለማለፍ 12 ነጥብ፣ ወደ ሁለተኛ 40፣ ወደ አንደኛ 200 ያስፈልጋል። አንዴ ሦስተኛ የደረሰ ሰው ወደ አራተኛ አይመለስም። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ነጥብ ለማጠራቀም የውድድር ዘመኑን ሙሉ በየሳምንቱ መወዳደር ስለሚያዳግተው ሦስተኛው ምድብ ላይ ዓመታት የሚቆዩ ብዙ ናቸው። በፈቃዳቸው የሚቆዩም አሉ።