ኩስቱሪትሳ ስክሪፕት የለውም ያለው ማነው?

ፊልም ከሚማሩ ልጆች ጋር የሚውል ሰው የፊልም ዳይሬክተሩን የኤሚር ኩስቱሪትሳን ስም ሳይሰማ አይመሽለትም። ስሙ አይሰለቸኝም። የሚሰለቸኝ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው።

«የሰርቢያ ዋና ከተማ የቤልግሬድ ልጅ ነው» ይባላል። አይደለም። በፈረንጆቹ 1954 የተወለደው ቦስኒያ፣ ሳራዬቮ ነው። ሰርብ ነኝ ያለው በራሱ ምርጫ ነው። በ2005 በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ነማኒያ ተብሏል።

«ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ሁለቴ የወሰደ እሱ ብቻ ነው።» አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኮፖላስ? እሱ በ1974 እና በ1979 ወስዷል። ኩስቱሪትሳ ያገኘው በ1985 እና በ1995 ነው። ሌሎችም አሉ።

«ሰርቢያ ያለው ድርቬንግራድ ጥንታዊ መንደር ነው።» ለፊልም ሲል ራሱ ያሠራው ነው።

«የፊልሞቹ ሙዚቃ ሁሉ የአቀናባሪው ጎራን ብሬጎቪች ነው።» የ«አንደርግራውንድ» ፊልሙ አዎ። የ«ጥቁር ድመት፣ ነጭ ድመት» ግን አይደለም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ኩስቱሪትሳ እኮ ስክሪፕት የለውም። ጥሩምባ ነፊዎቹን ይለቃል፣ ካሜራውን ይከፍታል፣ በቃ!»

ሰውየው የፕራጉ የፊልም ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። የ«አሪዞና ድሪም»ን ስክሪፕት የጻፈው እዚያ ተማሪ የነበረው ዴቪድ አትኪንስ ነው። «አንደርግራውንድ»ን ደግሞ ከጸሐፌ ተውኔት ዱሻን ኮቫቼቪች ጋር ነው የጻፈው። መነሻውም የኮቫቼቪች ተውኔት ነው።

እዚያ ፊልም ውስጥ ያለውን የምድር ቤት ሰርግ አስታውሱ። ሙሽራዋ በአየር ላይ ተንሳፍፋ ትገባለች። ባንዱ ይጫወታል፣ እንግዳው ይሰክራል። ቺምፓንዚው ታንክ ውስጥ ገብቶ ይተኩስና ግድግዳውን ያፈርሰዋል። ይሄ ካሜራ ተከፍቶ በአጋጣሚ የሚገኝ ነገር ነው? ታንኩስ ምድር ቤት ራሱ ነድቶ ገባ?

አንድ ተማሪዬ የዘመዱን ሰርግ ካሜራ እያወዛወዘ ቀርጾ «በኩስቱሪትሳ ስታይል ነው» ብሎ አመጣልኝ። ሙሽራው የቱ፣ ሚዜው የቱ እንደሆነ አይለይም። ጫጫታ ብቻ።

እንዲህ አድርጉ። ድምፁን ዝጉና ያንን የምድር ቤት ሰርግ እዩት። መጀመሪያ ከፊት ያለውን ሰው ብቻ ተከተሉ። ከዚያ መልሳችሁ ከኋላ የሚያልፈውን እዩ። ማን መቼ ገባ? ካሜራው ማንን ተከትሎ ዞረ? በእጃችሁ ጻፉት። ስትጨርሱ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑና ስክሪፕት አለው የለውም እንከራከራለን።