ምቱ ካልዘገየ ፔስሜከር ለምን?

«የአባቴ የልብ ምት አልዘገየም፤ ታዲያ ፔስሜከር ለምን ታዘዘላቸው?» የሚለው ጥያቄ በቡድናችን በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ፔስሜከር ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ለልብ የኤሌክትሪክ መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። የተራው ፔስሜከር ዋና ሥራ የዘገየ ምትን ማፋጠን ነው። ለልብ ድካም የሚታዘዘው ልዩ ዓይነት ፔስሜከር ግን የልብን ግራና ቀኝ አብረው እንዲመቱ ያደርጋል። በአራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቁም ሣጥን የሚያወጡ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ከዘገየ፣ ሁለቱም ጉልበት እያላቸው ሣጥኑ ያዘነብላል። የኤሌክትሪክ መልእክት ወደ ግራው የልብ ክፍል ዘግይቶ ሲደርስም እንዲሁ ነው፤ ጡንቻው ይለፋል፣ ደሙ ግን በወጉ አይገፋም። መሣሪያው በቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱንም ያስማማቸዋል።

በዋናነት የሚታዘዘው መድኃኒታቸውን በሚገባ እየወሰዱም የልባቸው የመግፋት አቅም 35 በመቶና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የመልእክቱ መዘግየትም በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ምርመራ) በግልጽ ለታየባቸው ሕሙማን ነው። (35 በመቶ ማለት 65 በመቶው ሞቷል ማለት አይደለም! ጤናማ ልብም በአንድ ምት የሚያወጣው ከያዘው ደም ከ50 እስከ 70 በመቶ ገደማውን ነው።)

ከሰው ሰው የሚለያየው ውጤቱ ነው። አንዳንዱ ሳያርፍ ደረጃ መውጣት ይጀምራል፣ አንዳንዱ ብዙም ለውጥ አያይም። መድኃኒቱ ግን ከተከላው በኋላም ይቀጥላል፤ እባካችሁ «መሣሪያ ገብቶልኛል» ብላችሁ አታቋርጡ።