የኮሌጅ ባንድና ኦርኬስትራ መሪ ሥራ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በኮተቤ፣ በቃሊቲ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል ባለ ኮሌጅ ባንድና ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው በትር የሚያነሣበት ጊዜ ከሥራው ትንሹ ነው። ኖታ ይጽፋል፣ መሣሪያ ይጠግናል፣ ጀማሪ ያስተምራል፤ ነባሮቹ ሲመረቁ ደግሞ ቡድኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ ያዋቅራል።

ሙያው የቆየ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት የናስ ባንድ ሆኑ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ስሙ ይነሣል። ዛሬ መሪዎቹ በአብዛኛው ከሁለት ወገን ይመጣሉ፦ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቁና ከጦር ሠራዊት ወይም ከፖሊስ ባንድ የወጡ። የፊተኞቹ በኖታና በክር መሣሪያ ይበረታሉ፤ የኋለኞቹ በማርሽና በሥነ ሥርዓት አይታሙም።

ዋናው ፈተና ያለውን መሣሪያ ማስማማት ነው። ከውጭ የመጣ ኖታ ኦቦና ሆርን የተባሉ የትንፋሽ መሣሪያዎችን፣ ሁለት ኦቦና አራት ሆርን ይጠይቃል፤ ኮሌጁ ያለው ግን ብዙ ሳክስፎን፣ ጥቂት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን ነው። ስለዚህ ራሱ መልሶ መጻፍ የማይችል መሪ ብዙ አይቆይም። አንዳንዱ መሣሪያ ከሚያነበው ኖታ የተለየ ድምፅ ያወጣል፤ ሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) እንዲሰማ ከተፈለገ ለትራምፔትና ለክላርኔት ዶ፣ ለአልቶ ሳክስፎን ሶል፣ ለሆርን ፋ ተብሎ ይጻፋል፤ ትሮምቦንና ቱባ የሚሰማውን ራሱን ያነባሉ። ናሶቹ በሲ ቤሞልና በሚ ቤሞል ላይ የተመሠረተ ዜማ ይቀናቸዋል፣ ቫዮሊኖቹ ደግሞ በሬና በላ ላይ የተመሠረተ። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ፋ ብዙ ጊዜ ያስታርቃቸዋል።

ቅኝት ሌላ ጉዳይ ነው። ሜጀር ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ማንንም አያስቸግርም። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ስለሆነ ጀማሪ ናስ ነፊ ሁለቱን ቤሞሎች ከፍ አድርጎ ያበላሻቸዋል፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ያለ ከበሮ፣ እየዘመሩ ማጥናት ይሻላል። ማሲንቆና ክራር ከተጨመሩ የሚቃኙት በባንዱ ድምፅ ነው፤ ትራምፔት ወደ ክራር አይመጣምና። ችክችካን (የባህላዊ ጭፈራ ምት) በ6 ምት የሚመራ ሰው እጁ ይወሳሰባል፣ ባንዱም ይጎተታል። በ2 ምት፣ እያንዳንዱን በ3 ከፍሎ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ልምምድ ብዙ ጊዜ ከክፍል በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው። ከዚያ ቢያልፍ ከከተማ የሚመጡት ታክሲ ያጣሉ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ለረጅም ድምፅ፣ ቀጣዩ 10 ለቅኝት ይሁንና ከዚያ በቀጥታ ወደ ከባዱ ቦታ ይገባል። ሙሉውን ዜማ ደጋግሞ ማስጫወት ስሕተትን ከማጽናት ሌላ ጥቅም የለውም። ቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የትንፋሽ ምልክቱን ማቀራረብ በቂ ነው። በሰኔ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፍሉት አይሰማም፣ ስለዚህ ያን ጊዜ ለምት ልምምድ መተው ያዋጣል።

የምረቃ ጠዋት ብርድ የትንፋሽ መሣሪያን ድምፅ ዝቅ፣ ክሮችን ከፍ ያደርጋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሁሉም በሚጫወቱበት ቦታ 15 ደቂቃ ያህል ሞቀው ከዚያ ይቃኙ። ነፋሱ ኖታውን እንዳይወስድ የልብስ መቆንጠጫ ይያዝ። በበጋ ደረቅ አየር የክላርኔት እንጨት ይሰነጠቃል፤ ከነፉ በኋላ ውስጡን አድርቆ ሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ለትራምፔት ቫልቭ ወፍራም የሞተር ዘይት መቀባት ቫልቩን ያጣብቃል።

ተመራቂው ክሊራንስ ሲያስፈርም መሪው መሣሪያውን ከነሣጥኑና ከነአፉ (ከንፈር ከሚያርፍበት ተነቃይ ጫፍ ጋር) ይረከባል። በብዛት የሚጠፋው አፉ ነው፤ የትሮምቦን አፍ ደግሞ ለትራምፔት አይገጥምም።