ኢያጎ፦ የ«ኦቴሎ» ነገር ሠሪ በጎጃም ዓይን

ኢያጎ «ኦቴሎ» በተባለው የሼክስፒር ትራጀዲ ውስጥ ያለው ነገር ሠሪ ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ውስጥ በንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት ታይቷል። የታተመው በ1622 ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለሆነ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ አንባቢም በራሱ ቋንቋ ያገኘዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኦቴሎ የቬኒስ ጦር አዛዥ ነው። ጥቁር ነው፣ ለአገሩም ባዕድ ነው። የትልቅ ሰው ልጅ የሆነችውን ዴዝዴሞናን ከአባቷ ተደብቆ ያገባታል። ኢያጎ የኦቴሎ ሰንደቅ ያዥ ነው። ሚስትህ ከምክትልህ ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች ብሎ ያሳምነዋል። ኦቴሎ ሚስቱን አፍኖ ይገድላል። እውነቱን ሲያውቅ ደግሞ ራሱን ይገድላል። የሚገርመው፣ በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ባለታሪኩ ኦቴሎ ሳይሆን ኢያጎ ነው።

ለምን ይህን አደረገ? መጀመሪያ የሚነግረን ሹመት ቀረብኝ ብሎ ነው። ኦቴሎ ምክትልነቱን ለካሲዮ ሰጠበት። ካሲዮ ደግሞ በኢያጎ አነጋገር ጦርነትን በመጽሐፍ እንጂ በሜዳ የማያውቅ ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ የአያቶቹን ወግ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ቅሬታ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስንቱ ዘምቶ፣ ቆስሎ፣ ማዕረጉ ለሌላ ሲሄድ አኩርፎ የሸፈተ አለ።

ኢያጎ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ቀጥሎ ኦቴሎ ከሚስቴ ከኤሚሊያ ጋር ተኝቷል ይባላል ይላል። እውነት መሆኑን አላውቅም፣ ግን እንደ እውነት እቆጥረዋለሁ ብሎ ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ ካሲዮንም በዚያው ይጠረጥራል። ዴዝዴሞናን እኔም እመኛታለሁ የሚልበት ቦታም አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ሰውዬው ያለ ምክንያት ክፉ ነው፣ ምክንያቱን የሚፈልገው በኋላ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ይህን ይቀበላል። እኔ ግን በከፊል ነው የምስማማው። እውነት የተበደለ ሰው አንድ ምክንያት ይበቃዋል፤ አራት የሚደረድር ሰው የሚደብቀው አለው። የተደበቀው በአምስተኛው ገቢር ያመልጠዋል። ካሲዮ በየቀኑ የሚታይ ውበት በሕይወቱ አለው፣ ያ ውበት እኔን አስቀያሚ ያደርገኛል ይላል። በቃ፣ ምቀኝነት ነው። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ጣሊያናዊው ቺንቲዮ በ1565 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። እዚያ ሰንደቅ ያዡ የሚነሳው በዴዝዴሞና ፍቅር ተይዞ እሺ ስላላለችው ነው። ሼክስፒር ያንን ግልጽ ምክንያት ወደ ጎን ገፍቶ ነገሩን አጨለመው።

ዘዴው ከምክንያቱ ይልቅ ያስገርማል። ኢያጎ ራሱ የሚዋሸው ውሸት መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት ነው። ሦስተኛው ገቢር፣ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ካሲዮ ከዴዝዴሞና ዘንድ ሲወጣ ያዩታል። ኢያጎ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ይህን አልወደድኩትም» ይላል። ምን አልክ ሲባል ምንም ይላል። ቀጥሎ ይጠይቃል፦ ካሲዮ ፍቅራችሁን ያውቅ ነበር? ኦቴሎ ለምን ጠየቅህ ሲለው ይሸሻል። ሐቀኛ አይደለም ወይ ሲባል «ሐቀኛ?» ብሎ ቃሉን ይመልስለታል። ኦቴሎ እንደ ገደል ማሚቶ ታስተጋባልኛለህ ብሎ ይቆጣል። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ኦቴሎ ራሱ ነው።

እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ የሚባሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ይህ ነገር ቶሎ ይገባል። ቅኔ ሲነገር ወርቁን ራሱ ያገኘ ተማሪ መምህሩ ከፈታለት ይልቅ ደስ ይለዋል። ራሱ ያወጣውን ማን ይጠረጥራል? ኢያጎም ለኦቴሎ ሰሙን ብቻ ያቀብለዋል፣ የወዳጅ ምክርና የወዳጅ ስጋት አድርጎ። ወርቁን፣ ማለትም ሚስትህ ከዳችህ የሚለውን፣ ኦቴሎ በገዛ አእምሮው ይደርስበታል። ያኔ የኢያጎ ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ይሆናል። ይባስ ብሎ ኢያጎ ከቅናት ተጠንቀቅ ብሎ ይመክረዋል። የቬኒስ ሴቶችን ጠባይ አንተ አታውቅም፣ እኔ ያገሬን አውቃለሁ ብሎም ባዕድነቱን ያስታውሰዋል። ይቺ ከሁሉም የከፋችው ናት፤ ኦቴሎ የሚመልሰው የለውም።

ሌላው ዘዴው ሰውን በደግነቱ መያዝ ነው። ካሲዮን መጠጥ እንደማይችል እያወቀ ያጠጣዋል፣ ጠብ ያስነሳበታል፣ ከሹመቱም ያስነሳዋል። ከዚያ አጽናኝ ሆኖ ይመጣና ዴዝዴሞናን ለምናት፣ ታስታርቅሃለች ይለዋል። ዴዝዴሞና ደግ ስለሆነች ትማልዳለች። በማለደች ቁጥር ኦቴሎ ይቃጠላል። ለዚያው ለካሲዮ ስም ከንቱ ነገር ነው ይለዋል፤ ለኦቴሎ ደግሞ የሰው ሀብቱ ስሙ ነው ብሎ ያስተምረዋል። ሮድሪጎ የሚባለውን ሞኝ ሀብታምማ ገንዘብ ያዝ፣ ዴዝዴሞና ያንተ ትሆናለች እያለ ያልበዋል። መሐረቡን ደግሞ በአጋጣሚ ያገኛታል። ዴዝዴሞና ስትጥላት ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ትሰጠዋለች፤ እሱ ካሲዮ ክፍል ይጥላታል። ሁሉን አስቀድሞ ያቀደ ይመስላል እንጂ ብዙውን የሚፈጥረው እዚያው ነው።

ተንታኞች ብዙም የማያተኩሩበት አንድ ነገር ግን አለ። የኢያጎ የመጀመሪያ ሴራ ከሽፏል። በአንደኛው ገቢር የዴዝዴሞናን አባት ብራባንሺዮን በሌሊት ቀስቅሶ በኦቴሎ ላይ ያስነሳዋል። ክሱ ቬኒስ ሸንጎ ይደርሳል። ሸንጎው ታዲያ ምን አደረገ? ነገሩን ከሥሩ ለመስማት ኦቴሎን አናገረ፣ ዴዝዴሞናን አስጠራ። እሷ በአባቷ ፊት ወድጄ ነው ያገባሁት ስትል ክሱ ፈረሰ። የጎጃም ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀምጦ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ቆጵሮስ ደሴት ላይ ነው። ሸንጎ የለም። ኦቴሎ ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ቀጪም ሆነ። ካሲዮን ፊት ለፊት አልጠየቀውም። ይባስ ብሎ ኢያጎ ኦቴሎን ደብቆት፣ ካሲዮ ስለ ውሽማው ስለ ቢያንካ እየሳቀ ሲያወራ ከሩቅ አይቶ ስለ ሚስቱ መሰለው። ዴዝዴሞና ካሲዮን ጥራውና ጠይቀው ስትለው ሰዓቱ አልፏል።

ሴራው የፈረሰውም ሰዎች እንደገና በአንድ ክፍል ሲሰበሰቡ ነው። ኤሚሊያ መሐረቧን እኔ ነኝ አንስቼ የሰጠሁት ብላ በሁሉም ፊት ተናገረች። ባሏ ዝም በይ አላት፣ እምቢ አለች፣ ወጋት። ለመፍረስ ደቂቃዎች ብቻ በቃው። ኢያጎ ተይዞ ለምን ሲባል የምታውቁትን ታውቃላችሁ፣ ከእንግዲህ ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ቅጣቱ ለካሲዮ ይተዋል፤ ሲፈጸም አናይም።

ትልልቅ ተዋንያን ይህን ሚና ከኦቴሎ እኩል ይመኙታል። እ.ኤ.አ. በ1881 ለንደን ላይ ሄንሪ ኧርቪንግና ኤድዊን ቡዝ ሁለቱን ሚናዎች እየተቀያየሩ ተጫውተዋቸዋል። ባሕር ዳር ላይ ኢያጎን ልሞክር የሚል ወጣት ካለ ፊቱን ማኮሳተሩን ይተወው። ተውኔቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሐቀኛው ኢያጎ እያለ ነው የሚጠራው፤ ክፋቱ ፊቱ ላይ ከታየ ኦቴሎ ቂል ይመስላል። ልምምዱን ከሁለተኛው ገቢር የመጠጥ ትዕይንት ቢጀምር ይሻለዋል። እዚያ ኢያጎ ይዘፍናል፣ ያስቃል፣ ጽዋ ያስነሳል፤ ወታደሮቹም አብረውት ይስቃሉ።